አሞሌና መርጃን

የእህቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሲደውል እሱ ዘንድ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው፤ እኔ መርሳ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ቡና እጠብቃለሁ። ድሮ ወሬያችን ስለ ሥራና ስለ ቤት ክራይ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሌላ ነገር ገባበት። ሳሎኑ ውስጥ የመስታወት ገንዳ አቁሞ፣ ጨዋማ ውሃ ሞልቶ፣ ኮራል ያረባል። «ጋሼ፣ ዛሬ አልተከፈቱም» ይለኛል፤ ዓይኑን ስላመመው ሕፃን የሚነግረኝ ነው የሚመስለው።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ኮራልን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሣልኩ አላስታውስም፤ ሕይወት ያለው ኮራል ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የልጁ ገንዳ ችግር ሲገጥመው የጠየቀው እኔን መሆኑ ስለዚህ ትንሽ አኩርቶኛል፣ ትንሽም አስፈርቶኛል።

ችግሩ ይኼ ነበር። የገንዳው ውሃ በየቀኑ ይጎድላል። ልጁ የጎደለውን ለመሙላት በባልዲ ጨዋማ ውሃ በጥብጦ ይጨምራል። ባሕር ነውና ባሕር ጨመርኩበት ብሎ። ወር ከምናምን እንዲህ ሲያደርግ ቆይቶ አንድ ቀን በመለኪያው ሲያየው በሊትር 35 ግራም መሆን የነበረበት ጨው 41 ደርሷል። ኮራሎቹ ተሸማቅቀዋል፤ አንዱ ከጫፉ መንጣት ጀምሯል።

«አንተ ልጅ፣ የሚተነው እኮ ውሃው ነው፣ ጨውማ የት ይሄዳል?» አልኩት። «የሄደው ንጹሕ ውሃ ከሆነ የምትመልሰውም ንጹሕ ውሃ ነው። አርሆን ሳሎንህ ውስጥ ነው የተከልከው።»

«አርሆ ምንድን ነው ጋሼ?»

እዚህ ላይ ቡናዬ ቀዘቀዘ። የመርሳ ሰው ልጅ አርሆ ምንድን ነው ይላል! አሞሌ ጨው የሚቆረጥበት የአፋር ሜዳ ነዋ።

በእናቴ ቤት፣ ከምድጃው ከፍ ብሎ ጭስ በሚያገኘው መደብ ላይ፣ በልጥ የታሰረ አሞሌ ይቀመጥ ነበር። ክረምት ሲገባ እርጥበት እንዳያላውሰው ነው ጭሱ። ቅርጹ የመሳያ ድንጋይ ይመስላል፤ መሐሉ ወፍራም፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ። ነጭ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ጭሱ አመድማ አድርጎት ነበር። እናቴ በቢላ ጀርባ ፈርፈር አድርጋ ወጡ ላይ ትጨምራለች፣ የቀረችውን ፍርፋሪ ከእጇ ላይ ላሟን ታስልሳታለች። በእኔ ዕድሜ አሞሌ ቅመምና የከብት መኖ ነበር። በአያቴ ዘመን ግን ገንዘብ ነው።

በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው የባሕር ነጋዴ የአክሱም ሰዎች ከብትና ብረት እንዲሁም ጨው ይዘው ወርቅ ወዳለበት አገር እንደሚወርዱ ጽፏል። ከእሱ ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ጨው በመላው አገሪቱ እንደ ገንዘብ ሲሠራ አየ፤ ከመነሻው በራቀ ቁጥርም ዋጋው እየከበደ እንደሚሄድ ልብ አለ። ነገሩ ግልጽ ነው። ግመሉ ከአርሆ ጭኖ ወደ ደጋ ሲወጣ በየመንገዱ ቀረጥ አለ፣ በየወንዙ የሚቀልጥ አለ፣ በየአቀበቱ የሚሰበር አለ። የተሰበረ አሞሌ ደግሞ ገንዘብነቱ ቀነሰ ማለት ነው። ለዚህ ነው በልጥ የሚታሰረው፤ ብር በቦርሳ እንደሚያዝ ማለት ነው። አሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላይ ሰቆጣ የአሞሌ ትልቅ ገበያ ነበረች፤ ከዚያ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድር፣ ወደ እኛም ወደ የጁ ይፈስሳል። ትልቁ ግብይት በጠገራ ብር፣ በማርትሬዛ ነው፤ የጠገራው ዝርዝር ደግሞ አሞሌ። አፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ (ዓ.ም.) በስማቸው ብር ካሠሩ በኋላ እንኳ አሞሌ ወዲያው ከገበያ አልወጣም። ብር አይበላም፣ አሞሌ ግን ቢቸግር ወጥ ውስጥ ይገባል።

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ተረት የወጣው እንዲህ ያለ ጨው ከሚያይ ሕዝብ ነው። በፓኬት የሚሸጥ ጨው ለሚገዛ ሰው ጨውና ድንጋይ ምን አገናኛቸው?

በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ ከመቀሌ በበርሃሌ በኩል ወደ ጨው ሜዳው ወረድኩ። ጡረታ ሳልወጣ አርሆን አያለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበርና። ዳሎል አካባቢ መሬቱ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ይወርዳል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ የተለካው የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነው፤ ቀንና ሌሊቱ፣ በጋና ክረምቱ ተደምሮ ተካፍሎ ማለት ነው። ጥር ላይ እንኳ በጠዋቱ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ።

ሥራው በክፍፍል ነው። አንዱ የጨዉን ንጣፍ በመጥረቢያ ዙሪያውን ይከረክራል፤ ሌሎቹ በስንጥቁ ረጃጅም እንጨት ሰክተው «ሆ» ብለው ይገለብጡታል። ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ወፍራም ጨርቅ ሲቀደድ ያለውን ይመስላል። ከዚያ ጠራቢው ቁጢጥ ብሎ፣ በትንሽ መጥረቢያ፣ ምንም ሳይለካ፣ እኩል እኩል አድርጎ ይቆርጠዋል። አንዱን አንሥቼ ከሌላው ጋር አስተያየሁት፤ ጣት አያበላልጥም። ጠራቢው ምን እንደምፈልግ ገብቶት ሳቀ፣ እኔም አፍሬ መለስኩ።

የመጣሁበትን ነገር ያገኘሁት ግን ጨዉ ላይ አይደለም። ከሜዳው ወጥተን ወደ ምዕራቡ ጥግ፣ ወደ ተራራው ግርጌ ስንጠጋ፣ መሬቱ ነጣ ያለ ሻካራ ድንጋይ ሆነ። ሹፌሩ ኖራ ነው አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ድንጋዩ በሙሉ ትናንሽ ኮከቦች ታትመውበታል፤ እያንዳንዱ ኮከብ ከመሐሉ ወደ ዳር የሚሄዱ ቀጫጭን ግድግዳዎች አሉት። ሠላሳ ዓመት በሰሌዳ ላይ የሣልኩት ሥዕል! ኮራል ነው። አጠገቡ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተጋድሟል። ዙሪያዬን ብመለከት ግመል፣ አቧራና ፀሐይ ብቻ ነው።

ቀይ ባሕር በሰሜን፣ በዙላ ባሕረ ሰላጤ አቅጣጫ፣ ወደዚህ ጎድጓዳ ይገባ ነበር። በጎድጓዳው ዙሪያ ያሉት የኮራል ቋጥኞች አብዛኞቹ ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት የተገነቡ ናቸው፤ የዓለም በረዶ ቀልጦ ባሕሩ ከፍ ባለበት ዘመን። ያኔ እዚህ ቦታ ልጁ በሳሎኑ ሊሠራው የሚፈልገው ነገር ሁሉ በነጻ ተሟልቶ ነበር። ጥልቀት የሌለው ጥርት ያለ ውሃ፣ እስከ ወለሉ የሚደርስ ፀሐይ፣ ሚዛኑን የጠበቀ ጨው። ኋላ በሩ ተዘጋ። መሬቱ ተነሣ፣ እሳተ ገሞራው መግቢያውን ደፈነ፣ ባሕሩም ዝቅ አለ። ፀሐይዋ ግን አልቆመችም። ውሃው ሲጎድል ንጹሕ ውሃ የሚመልስለት ባለመኖሩ 35 የነበረው ጨው 41 ሆነ፣ 50 ሆነ፣ 100 ሆነ። ኮራሉ 100ን አላየም፤ ከዚያ በፊት አልቋል።

ባሕር ሲደርቅ ጨዉ እንዳለ ተደባልቆ አይጋገርም። ተራውን ጠብቆ ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ኖራው ይወርዳል። ውሃው አራት አምስት እጥፍ ሲወፍር ጂፕሰሙ ይከተላል። አሥር እጥፍ ያህል ሲወፍር የምንበላው ጨው ይጀምራል። በመጨረሻ፣ ውሃው ዘይት ሊመስል ሲቃረብ፣ የፖታሽና የማግኒዥየም ጨዎች ይቀራሉ፤ ምላስ ላይ የሚመርሩት። ከተራራው ግርጌ ወደ መሐል የሚሄድ ሰው ይህን ቅደም ተከተል በእግሩ ሊረግጠው ይችላል፤ ዳር ላይ ኮራሉ፣ ቀጥሎ ጂፕሰሙ፣ ከዚያ ሰፊው የጨው ሜዳ፣ ዳሎል ላይ ደግሞ ፖታሹ። ይህ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ አይደለም። 100 ሜትር ጥልቀት ያለው ባሕር ሙሉ በሙሉ ቢተን የሚተወው ጨው 2 ሜትር አይሞላም፤ እዚያ ያለው የጨው ክምር ግን ውፍረቱ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚደርስ ይገመታል። ባሕሩ ስንት ጊዜ መጥቶ እንደሄደ እናንተው አስሉት።

ስለ ፖታሹ ካነሣሁ አይቀር፣ ጣልያኖች እሱን ለማውጣት በ1910ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከኤርትራ ጠረፍ ወደ ዳሎል አቅጣጫ ትንሽ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ነበር። ሐዲዱ የሚነሣበት ወደብ ስሙ መርሳ ፋጡማ ይባላል። በዐረብኛ መርሳ የመርከብ ማረፊያ ነው። የእኛዋ መርሳ ስሟን ከየት እንዳገኘች አልከራከርም፤ ከባሕር ርቃ፣ በማንጎና በፓፓያ ተከብባ፣ ወንዞቿን ሁሉ ወደ አፋር ቆላ እየላከች የምትኖር ከተማ ናት። ከሐብሩ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ባሕር ደርሶ አያውቅም። ለወትሮው ለሎተሪ ሻጩ ሳይቀር «ወደብ ላይ ነው የምኖረው» እያልኩ እቀልዳለሁ።

ወደ ልጁ ባልዲ ልመለስ። የባሕር ጨው በፓኬት ገዝቶ ነው የሚበጠብጠው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ከአፍዴራ ጨው ብትልኩልኝ አይሻልም? ያገር ቤት ነው» አለኝ። ሳቅኩ፤ ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ጨው ቀረብን፤ ከዚያ ወዲህ የምንበላው በአብዛኛው የአፍዴራ ጨው ነው፣ በረሃ ውስጥ በኩሬ አጠራቅመው በፀሐይ የሚያደርቁት። ግን የአፍዴራውም ሆነ አሞሌው ከባሕሩ አንዱ እጅ ብቻ ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ ካለው ጨው በክብደት ከመቶ 85 ያህሉ ሶዲየምና ክሎሪን ነው፤ የቀረው ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየሙ ነው። ልጁ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ 1,300 ያህል ማግኒዥየም እንዲኖር በየሳምንቱ በጠብታ ይለካል። በወጥ ጨው የተበጠበጠ ገንዳ ጣዕሙ ባሕር ሊመስል ይችላል፤ ለኮራል ግን ጤፍ የሌለው እንጀራ ነው።

ይኼን ስነግረው እኔም ገና በዚያች ሰዓት ገባኝ። በረሃው ሺህ ዓመታት ፈጅቶ ኖራውን ለብቻ፣ ጂፕሰሙን ለብቻ፣ አሞሌውን ለብቻ፣ ፖታሹን ለብቻ አድርጎ የለያየውን፣ የእህቴ ልጅ ማታ ማታ በፕላስቲክ ባልዲ መልሶ ያዋህደዋል። የመነነ ባሕርን ወደ ዓለም እንደመመለስ ነው።

ለመበጥበጫው ደግሞ የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ክሎሪኑም፣ ከቱቦው የሚመጣው መዳብም ይገድላል። በማጣሪያ አሳልፎ ንጹሑን ብቻ ይወስዳል። ውሃ ማጣራት ሲነሣ አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። በ1868 (እ.ኤ.አ.) ጄኔራል ናፒየር ወደ እኛው ወደ መቅደላ ሲዘምት ጦሩን ያወረደው በዚያው በዙላ ነበር። በጠረፉ ለዚያ ሁሉ ሰውና አጋሰስ የሚበቃ ጣፋጭ ውሃ ስላልነበረ መርከቦቹ የባሕሩን ውሃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ አጠጡት። አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት የመጣ ሠራዊት ከባሕር ጨው ሲለይ፣ የእኛ ልጅ ለኮራል ብሎ ጨው ይጨምራል።

ብርሃኑን በተመለከተ ልጁ ከእኔ ይበልጣል፤ የማስረዳው ነገር ቢኖር ለምን እንደሚያስፈልግ ነው። ኮራል እንስሳ ነው፤ ግን በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን አስጠግቶ ይኖራል። ነገሩ የእኩል እርሻ ነው። ኮራሉ ቦታውን ይሰጣል፣ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያመርትና ያካፍላል። ብርሃን ከጠፋ አራሹ ምርት የለውም። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ደግሞ ኮራሉ አራሹን ያባርረዋል፣ እሱም ነጥቶ ይቀራል፤ ካልተመለሰለት በረሃብ ይሞታል። ውሃ የብርሃንን ቀይ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ይውጠዋል፣ ሰማያዊው ግን ጠልቆ ይገባል። ለዚህ ነው የልጁ ሳሎን በቪዲዮ ሲታይ የምሽት ቤት የሚመስለው፤ የኤልኢዲ መብራቱ ሰማያዊ ነው። በ1961 (እ.ኤ.አ.) ሊ ቺን ኤንግ የተባለ ኢንዶኔዢያዊ ከባሕር ሕይወት ያለው ድንጋይ አምጥቶ፣ አየር እያስነፈሰና ፀሐይ እያስመታ ኮራል በገንዳ ማቆየቱን ጽፎ ነበር። እሱ ፀሐይ ነበረው። ቨርጂኒያ በጥር ፀሐይ ከየት ይመጣል?

ውሃ ብርሃንን ሲከለክል ምን እንደሚሆን ለማየት እኛ ቀይ ባሕር መውረድ አያስፈልገንም። ከመርሳ በደሴ መንገድ ስትሄዱ ሐይቅ አለላችሁ። በ1984 ዓ.ም. ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ ነበር። የበርሜል ክዳን ነጭ ቀለም ቀብተን፣ በየግማሽ ሜትሩ በተቋጠረ ገመድ አስረን ከታንኳ ላይ ወደ ውሃው አወረድነው። ሦስተኛው ቋጠሮ ውሃ ሳይነካ ክዳኑ ጠፋ። ልጆቹ ገመዱ የተበጠሰ መስሏቸው ጮኹ። ታንኳውን የሚቀዝፉት አባት ግን አልገረማቸውም። «በእኛ ልጅነት የታችኛው ሣር ከላይ ይታይ ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው። ቀደም ያሉት ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ነጭ ሳህን አውርደው 9 ሜትር ድረስ አይተውታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተለካው ግን 1 ሜትር ከምናምን ነው። በመሐሉ፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ ቆሮሶ ዓሣ ሐይቁ ውስጥ ተጨምሯል። ዓሣው አልጌ የሚበሉትን ደቃቅ ነፍሳት በላቸው፣ አልጌው ያለ ከልካይ ረባ፣ ውሃው አረንጓዴ ሆነ፣ ታች ያለው ሣር ብርሃን አጥቶ ጠፋ፤ ከዓሣው ጋር ያያያዙት ሰዎች የሚሉት እንዲህ ነው። ቆሮሶው ብዙ ቤተሰብ መግቧል፣ እኔም ጠብሼ በልቼዋለሁ፤ ወቀሳዬ በአፌ ውስጥ ዓሣ እያለ ነው።

ልጁ በምክሬ ገንዳውን በአንድ ቀን አላስተካከለውም። በየቀኑ ትንሽ ጨዋማውን ቀድቶ፣ በምትኩ ንጹሕ ውሃ እየጨመረ፣ በአሥር ቀን 35 አደረሰው። በአንድ ጊዜ ቢመልሰው ድንጋጤው ራሱ ይገድላቸው ነበር። አብዛኞቹ ተከፈቱ። ከጫፉ የነጣው ግን አልዳነም። በስልክ «አብሽር» አልኩት፤ ምን ይባላል?

የሞተውን ኮራል አጥቦ፣ አድርቆ፣ ለመውሊድ በመጣ ሰው እጅ ላከልኝ። በጋዜጣ ተጠቅልሎ ደረሰኝ። እፍኝ አይሞላም፤ ነጭ ነው፣ ኮከቦቹ ላይ ጥፍር ሲያልፍ ይንኮሻኮሻል። በቁርኣን በአር-ረሕማን ምዕራፍ ከሉል ጋር ተጠርቶ የምንሰማው መርጃን ከዚህ ወገን ነው፤ አያቴ አንገቷ ላይ የምታስረው ቀይ ዶቃም መርጃን ይባል ነበር። መደርደሪያዬ ላይ፣ ከአርሆ ካመጣሁት የአሞሌ ስባሪ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ትናንት ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ መጣች። ዓይኗ አይቶ የማያልፍ ሴት ናት። ተነሥታ ነጩን አነሣችው፣ አገላበጠችው፣ አሞሌ መስሏት በምላሷ ጫፍ ቀመሰችው።

«ኤዲያ፣ ድንጋይ ነው» ብላ መለሰችው።